ገጠር ወርዶ ጥሩ ሪል ኤል መጠጣት፦ በባቡር፣ በአውቶቡስ ወይስ በእግር?

በእንግሊዝ የገጠር መጠጥ ቤት (ፐብ) ጓዳ ውስጥ፣ እርሾው ሳይወጣለት በርሜል ውስጥ ለሚበስለው ቢራ፣ ለሪል ኤል፣ በብዛት የሚገኘው በርሜል ፈርኪን ይባላል። 72 ፓይንት ይይዛል፤ በሊትር 41 ገደማ። አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው ሦስት ቀን አካባቢ ነው፤ ጓዳው ቀዝቃዛ፣ ባለቤቱም ጠንቃቃ ከሆነ ትንሽ ሊገፋ ይችላል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። አንድ በርሜል በጊዜው እንዲያልቅ በቀን 24 ፓይንት መሸጥ አለበት። ባንኮኒው ላይ አምስት የእጅ ፓምፕ የደረደረ ቤት በቀን 120 ፓይንት ካልሸጠ፣ ከአምስቱ በአንዱ የደከመ ቢራ ሊቀዳላችሁ ነው ማለት ነው። ሃምሳ አባወራ ባለበት መንደር፣ ያውም ማክሰኞ ማታ፣ 120 ፓይንት ማን ይጠጣል?

የአውቶቡሱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በገጠር ቅዳሜ ቀን አውቶቡስ ይገኛል፤ እሑድ ይሳሳል ወይም ጭራሹን ይጠፋል፤ ከምሽቱ 18:00 በኋላ ደግሞ ብዙ መንደር የሚደርስ የለም። በርሜሉ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ አውቶቡሱም ደህና የሚሠራው በእነዚሁ ቀናት ነው። ስለዚህ ሰው «የትኛው ፐብ ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ «በየትኛው ቀን?» የሚል ነው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ መስመሩን፣ በመጨረሻ ፐቡን ነው የምመርጠው። አብዛኛው ሰው ግን ፎቶ አይቶ ቤቱን ይወድና መንገዱን ኋላ ይፈልጋል፤ ሲመሽ ደግሞ ዝናብ ላይ ቆሞ ታክሲ ይደውላል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር፦ ሰዓቶቹን በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገር ቤት ሊጠይቀኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ «የመጨረሻው ባስ አምስት ከአርባ ነው» ስለው በሐበሻ መስሎት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለን ብሎ በግ ሊያይ ወጣ። በጎቹን በደንብ አይቷል። ባሱን ግን አላየውም።

ጠላ ለሚያውቅ ሰው ሪል ኤል ምን ማለት ነው

ጠላ ያደገበት ሰው ሪል ኤልን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ተራው የበርሜል ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶና ብዙውን ጊዜ ሙቀት ተሰጥቶት የሚወጣ ነው፤ በጋዝ ግፊት ይቀዳል። ሪል ኤል ግን እርሾው በውስጡ እንዳለ ካስክ በሚባለው በርሜል ይገባና እዚያው መፍላቱን ይጨርሳል፤ ጋኑ ውስጥ ሆኖ እንደሚበስለው ጠላ። ከውጭ ጋዝ አይገባበትም። አሳላፊው የፓምፑን ረጅም እጀታ እየሳበ ከጓዳ ያወጣዋል፤ ፓምፕ የሌለበት ቤት ከሆነ ከበርሜሉ በቀጥታ ይቀዳል። መራራነቱ የሚመጣው በእኛ ጌሾ ቦታ ከሚገባው ሆፕ ነው። የሚቀርበውም በ11 እና በ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «እነዚህ ሰዎች ፍሪጅ የላቸውም እንዴ?» ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጥያቄው ይቀራል።

ይህ ዓይነቱ ቢራ ከመጥፋት የተረፈው ሰዎች ስለተሟገቱለት ነው። ትልልቆቹ ጠማቂዎች በጋዝ ወደሚገፋው ቢራ በጅምላ ሲዞሩ፣ በ1971 አራት ወጣት እንግሊዛውያን ካምራ የተባለውን የሪል ኤል ዘመቻ መሠረቱ። ዘመቻው በየዓመቱ የሚያወጣው ጉድ ቢር ጋይድ የተባለው መጽሐፍ በመላ አገሪቱ ወደ 4,500 የሚሆኑ ፐቦችን ይዘረዝራል። የሚመርጡት የየአካባቢው አባላት ሲሆኑ መስፈርታቸው የቢራው ጥራት ነው።

ለጾመኛ ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሪል ኤል የሚጠራው ከዓሣ የውስጥ አየር ከረጢት በሚወጣ አይዚንግላስ በተባለ ነገር ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው፤ ማወቅ የፈለገ ግን «ያልተጣራ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያለ ዓሣ የሚሠሩት፣ አንዳንዴም እንደ ጉሽ ጠላ ደፍረስ ብለው የሚቀርቡት በርክተዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። መኪናን ከጨዋታው አውጡት። በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ በ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ እስከ 80 ሚሊግራም አልኮል ይፈቅዳል፤ ስኮትላንድ ከ2014 ጀምሮ ወደ 50 ዝቅ አድርጋዋለች። ይህን ቁጥር በፓይንት ለማስላት የሚሞክር ሰው አጋጥሞኛል፤ ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ አልገባም።

ባቡር ጣቢያው ላይ ያለው ፐብ

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ከባቡሩ ትወርዳላችሁ፣ በሩ እዚያው ነው። በጣም የታወቀው ከማንቸስተር ወደ ሊድስ አቅጣጫ ተራራውን የሚያቋርጠው መስመር ነው። ስቴሊብሪጅ ጣቢያ መድረኩ ላይ ያለው ቡፌ ባር ከ1885 የጣቢያው ሕንፃ ጋር የኖረ ነው። ባንኮኒው የእምነ በረድ ነው፣ በብርዱ ወራት እሳት ይነድዳል፤ ብላክ ፒስ የሚባል የጥቁር አተር ቅቅልም አላቸው፤ ኮምጣጤ ይጨመርበታል። ሽሮና ንፍሮ ያሳደገው ሰው ይህን ምግብ ለመልመድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከዚያ ባቡሩ ወደ ግሪንፊልድ፣ ማርስደን፣ ስላዊት፣ ሃደርስፊልድ ይቀጥላል። ስላዊት ስላችሁ የጎረቤት ልጅ ስም እንዳይመስላችሁ፤ ካርታው ላይ ስሌዝዌይት ተብሎ የተጻፈው መንደር የአገሬው አጠራር ነው። ትኬት ሲቆርጡ በጽሑፉ፣ መንገድ ሲጠይቁ በአጠራሩ መጠቀም ያዋጣል። ከእነዚህ መካከል ልቤ ያለው ማርስደን ነው። ከጣቢያው ቁልቁል ትወርዱና ወንዙ ዳር ሪቨርሄድ የተባለውን ፐብ ታገኛላችሁ። ወደ ላይ ጥቂት ከተራመዱ ደግሞ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ሰንጥቆ የሚያልፈው የስታንዴጅ የቦይ ዋሻ አፍ አለ፤ በብሪታንያ ከቦይ ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። መጀመሪያ ዋሻው፣ ቀጥሎ ፓይንቱ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዋሻው ይረሳል።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስመሩ በሙሉ የወንደላጤ ሽኝት ድግስ ይመስላል። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ሃያ ጎረምሶች ከየጣቢያው ተሳፍረው ወደ ቀጣዩ ፐብ ይሮጣሉ፤ አሳላፊው ለእናንተ ጊዜ የለውም። ቢራው ግን በዚያ ሰዓት ትኩስ ነው፤ በርሜሉ እየተንቆረቆረ ያልቃላ። መፍትሔው ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ መሄድ ወይም ሐሙስና ዓርብን መምረጥ ነው። መስመሩ ለዓመታት በሚቆይ የማሻሻያ ሥራ ላይ ስለሆነም በአንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካል። ይህን አስቀድሞ ያላየ ሰው አርባ ደቂቃ ያለውን መንገድ ሁለት ሰዓት ይጓዘዋል።

ተመሳሳይ ነገር ጭር ባለ አገር ለሚፈልግ ከኤክሰተር ወደ ባርንስተፕል የሚሄደው የታርካ መስመር አለ። እዚያ አንዳንዶቹ ጣቢያዎች «በጥያቄ የሚቆምባቸው» ናቸው። ለመሳፈር መድረኩ ላይ ቆማችሁ እንደ ታክሲ እጅ ታነሣላችሁ፤ ለመውረድ ደግሞ አስቀድማችሁ ለትኬት ተቆጣጣሪው ትናገራላችሁ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው መንደሩን በመስኮት እያየ ያልፈዋል። አንዱ ጣቢያ ፖርትስመዝ አርምስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፐብ ነው።

ከጣቢያ ወርዶ በእግር

እኔ ብቻዬን ስሆን የምመርጠው ይህን ነው። ባቡር ከአውቶቡስ ይልቅ አመሻሽ ላይ ይገኛል፣ የእግር መንገዱም ጥማቱን ያመጣዋል። ለንደን ለሚኖር ሰው የማቀርበው የመጀመሪያ ምሳሌ ከፓዲንግተን አንድ ሰዓት ገደማ የሚርቀው ጎሪንግ እና ስትሪትሊ ጣቢያ ነው። ቴምዝን በድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ኮረብታው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ ኦልድዎርዝ መንደር ትደርሳላችሁ፤ ቤል ኢን እዚያ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ቤት ነው። እንደ ሌላው ፐብ ረጅም ባንኮኒ የለውም፤ ቢራው በትንሽ መስኮት ይሰጣል። የሚበላው በዋናነት ሾርባና ውስጡ የተሞላ ዳቦ ነው። ካምራ በ1990 የአገሪቱ ምርጥ ፐብ ብሎት ነበር፤ በ2019 ደግሞ ደገመው። ሄዳችሁ ስታዩት ለውድድር የተዘጋጀ ነገር አታገኙም፤ አሮጌ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያና የሚያወራ ሽማግሌ ነው።

በሸፊልድና በማንቸስተር መካከል ያለው የሆፕ ሸለቆ መስመር ሌላው ነው። ኤዴል ጣቢያ ስትወርዱ ራምብለር ኢን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ወደ መንደሩ ውስጥ ስትዘልቁ ኦልድ ናግስ ሄድ አለ። ይህ ሁለተኛው በ1965 የተከፈተው የ431 ኪሎ ሜትሩ የፔናይን ዌይ መነሻ ነው። ከቦርሳው በላይ ድንኳን የተሸከመ፣ እግሩ ገና ያልቆሰለ መንገደኛ የመጨረሻ ምሳውን ሲበላ ታዩታላችሁ። እናንተ ግን ቀለል ያለ ዙር ሄዳችሁ በዚያው ቀን በባቡር መመለስ ትችላላችሁ።

የዚህ ምርጫ ወጥመድ የጣቢያው ስም ነው። ዴንት የተባለው ጣቢያ በእንግሊዝ ዋና መስመሮች ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 350 ሜትር። ዴንት መንደርና ፐቦቿ ግን ከጣቢያው ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ሆድ ሞልቶ ዳገት። በዚያው የሴትል–ካርላይል መስመር ሪብልሄድ ብትወርዱ ግን ስቴሽን ኢን ከጣቢያው ሥር ነው፤ 24 ቅስት ያለው ትልቁ የባቡር ድልድይም ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። መስመሩ አንድ፣ ጣቢያዎቹ ጎረቤታሞች፤ ልዩነቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ሌላም የስም ጉድ አለ። በሰሴክስ ከሉዊስ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ቤሪክ የተባለ ትንሽ ጣቢያ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተራምዳችሁ ክሪኬተርስ አርምስ ትደርሳላችሁ፤ ከ1790 ጀምሮ ሉዊስ ከተማ ውስጥ የሚጠመቀው የሃርቪስ ቢራ እዚያ አለ። ስልካችሁ ላይ «ቤሪክ» ብላችሁ ስትፈልጉ ግን መጀመሪያ ሊመጣ የሚችለው ስኮትላንድ ድንበር ላይ ያለው ቤሪክ ነው፤ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን። ትኬቱ ዋጋው ሲያስደነግጣችሁ ምክንያቱ ያ ነው።

የገጠር አውቶቡስ

እውነቱን ለመናገር ምርጡ ፐብና ምርጡ ዕይታ ያለው አውቶቡስ ብቻ በሚደርስበት ነው። ከባዱም ይኸው ነው። ዋጋው ግን አያስፈራም፦ በእንግሊዝ አብዛኞቹ አውቶቡሶች ለአንድ ጉዞ ከ3 ፓውንድ በላይ አያስከፍሉም፤ ይህ ጣሪያ እስከ ማርች 2027 የጸና ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁም 3 ፓውንድ ነው።

አውቶቡሶቹን በሦስት ከፍዬ ነው የማያቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ከተማ የሚያገናኝ፣ በመንገዱ ገጠር የሚነካ ነው። ይህ እምነት የሚጣልበት ነው። ከብራይተን ወደ ኢስትቦርን በባሕሩ ዳር የሚሄደው 12 ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ እሑድም አይጠፋም። ሰቨን ሲስተርስ ከተባሉት ነጭ ገደሎች አጠገብ ወርዳችሁ፣ ግማሽ ቀን በገደሉ ጫፍ ላይ ተራምዳችሁ፣ ኢስት ዲን መንደር ትገባላችሁ። ታይገር ኢን ሣር መስኩ ዳር ነው፤ ፀሐይ ካለ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ፌርማታው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ ይመጣል። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ እናቶች በገደሉ ጫፍ መሄድ ካልፈለጉ በአውቶቡስ ቀጥታ መንደሩ ድረስ ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ዓይነት መጨረሻው ላይ የሚቆም፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የሌለበት ነው። የሐይቆቹ አውራጃ ውስጥ ከአምብልሳይድ ተነሥቶ የላንግዴልን ሸለቆ የሚዘልቀው 516 ቁጥር ለዚህ ወደር የለውም። ከዊንደርሚር ባቡር ጣቢያ አምብልሳይድ የሚያደርስ አውቶቡስ በየጊዜው አለ፤ 516 ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በመንገዱ ኤልተርዎተርን ያልፋል፤ እዚያ ብሪታኒያ ኢን አለ። የመጨረሻው ፌርማታ ደግሞ ኦልድ ደንጀን ጊል ከተባለው ሆቴል ነው። የተራማጆች ባር የሚሉት ክፍሉ ድሮ የከብት በረት ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮቹ የተሠሩት ላሞቹ ይታሰሩባቸው በነበሩት ክፍልፋዮች ውስጥ ነው። ጭቃ ያለበት ጫማ ይዞ መግባት አያሳፍርም፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። ውጭ ዝናብ እየመታ፣ እርጥብ ጃኬት እየጨሰ፣ ውሻው እግራችሁ ሥር ተኝቶ አንድ ፓይንት ስትይዙ አገሬው ይህን ቢራ ለምን አሞቅ አድርጎ እንደሚጠጣው ይገባችኋል። ግን የመጨረሻውን 516 ሳታዩ ሁለተኛውን አትዘዙ። ካመለጣችሁ አምብልሳይድ ድረስ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የወቅት አውቶቡስ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሮማውያን የሠሩትን የሐድሪያንን ግንብ ተከትሎ የሚሄደው ኤዲ122 ቁጥሩን ያገኘው ግንቡ መሠራት ከጀመረበት ከ122 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የራሱ ጠማቂ ያለው ትዋይስ ብሩድ ኢን ከዚሁ መንገድ ላይ ነው። በዮርክሸር ሸለቆዎች ደግሞ ዴልስባስ የተባሉት የእሑድ አውቶቡሶች በበጎ ፈቃደኞች ጥረት የቆሙ ናቸው። በሞቃቱ ወራት ግሩም ናቸው። በብርዱ ወራት መስመራቸው ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ የሠራላችሁን ጉዞ በታኅሣሥ አትድገሙት።

የገጠር የጉዞ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከቁጥሮቹ ይልቅ ከግርጌ ያሉት ጥቃቅን ማስታወሻዎች ናቸው የሚያጣሉት። «ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን ብቻ» የሚል አለ፤ ያ አውቶቡስ በትምህርት ቤት እረፍት ጊዜ የለም። «ረቡዕና ዓርብ ብቻ» የሚልም አለ፤ እሱ የገበያ ቀን አውቶቡስ ነው፤ መንደርተኛውን ጠዋት ወደ ከተማ አውርዶ ቀትር ላይ ይመልሰዋል። ለከተሜ ጠጪ ጉዞው የተገላቢጦሽ ስለሆነ አይሆንም። ሰኞ የሚውል ሕዝባዊ በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የእሑድ ሰሌዳ ነው፤ እሑድ የለም ከተባለ በዓሉም የለም ማለት ነው።

አንዴ እኔው መካሪው ተታልያለሁ። ስሙን የማልጠራው መንደር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተራምጄ 15:10 ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ሰሌዳ «ከ12 እስከ 3፣ ከ6 እስከ 11» ትላለች። የእኔ አውቶቡስ 17:40 ነው። በመስኮቱ ሳይ ፓምፖቹ በፎጣ ተሸፍነዋል፤ ምድጃው ውስጥ ፍሙ ገና ቀይ ነው፤ ድመቷ ወንበር ላይ ሆና አየችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ ቆሎ ቆረጠምኩ። የቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ መዝጋት በድሮዎቹ የገጠር ፐቦች የተለመደ ነው፤ ከወረርሽኙ ወዲህ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ጭራሽ የማይከፍቱ በዝተዋል። ያልደወልኩት እኔ ነኝ።

ታሪካዊው ባቡርና ታክሲው

የእንፋሎት ባቡሮቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ መጓጓዣ ሳይሆኑ መዝናኛ ናቸው፣ ትኬታቸውም ከተራው ባቡር ይወደዳል። ልጆች ካሉ ግን ሰቨርን ቫሊ ጥሩ ነው። ኪደርሚንስተር ላይ ከዋናው ባቡር ወርዳችሁ አጠገቡ ካለው ጣቢያ ትሳፈራላችሁ፤ 26 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ብሪጅኖርዝ ስትደርሱ ሬይልዌይማንስ አርምስ መድረኩ ላይ ነው። ልጆቹ ሎኮሞቲቩን ሲያዩ ወላጅ ግማሽ ፓይንት ያገኛል።

ታክሲ ደግሞ መጠባበቂያ እንጂ ዕቅድ አይደለም። ለንደን የለመደ ሰው ስልኩን አውጥቶ መኪና የሚጠራ ይመስለዋል፤ ገጠር ውስጥ መተግበሪያው ባዶ ካርታ ያሳያል። ያለው ሁለት ታክሲ የያዘ የአንድ ሰው ድርጅት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ሁለቱም ሠርግ ላይ ናቸው። ከፈለጋችሁ ከቀናት በፊት ደውላችሁ ያዙ፤ ለአራት ከተካፈላችሁት ዋጋው አይጎዳም።

ቤቱን ከመምረጤ በፊት የማደርገው

ለባቡር የናሽናል ሬይልን፣ ለአውቶቡስ ትራቭላይንን አያለሁ፤ ከዚያ ግን የአውቶቡስ ድርጅቱን የራሱን ሰሌዳ ሳላይ አላምንም። ሁልጊዜ ከመመለሻው ነው የምጀምረው። ሕጌ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻውን አውቶቡስ ከዕቅዴ አወጣና እንደሌለ እቆጥረዋለሁ፤ ከእሱ በፊት ባለው እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ መመለሻ ብቻ ያለው መንደር ቢራው ወርቅ ቢሆን አልሄድበትም፤ ወይም እዚያው አድራለሁ።

ለቤቱ ጥራት የካምራ ዝርዝር ቀዳሚው ነው። ካስክፋይንደር የተባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ካስክ ማርክ የተባለውን ምልክት ያገኙትን ቤቶች ካርታ ላይ ያሳያል፤ እነዚያ ቤቶች ገምጋሚ ሳይጠበቅ መጥቶ የቢራውን ሙቀትና ጣዕም የፈተናቸው ናቸው። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፦ የመጀመሪያው የጠጪ ምርጫ ነው፣ ሁለተኛው የቁጥጥር ማረጋገጫ። ሁለቱንም የያዘ ቤት ካገኘሁ ሌላ አልፈልግም። የጉግል ኮከብ ግን ለዚህ አይረዳም፤ ሰው ኮከብ የሚሰጠው ለእሑዱ ጥብስና ለውሻው ሳህን ነው።

ከዚያ እደውላለሁ። የምጠይቀው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፍቱ፣ ወጥ ቤቱ መቼ እንደሚዘጋና ዛሬ ፓምፕ ላይ ምን እንዳለ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ደስ ብሎት በዝርዝር የሚመልስ ሰው ጓዳውን ያውቀዋል። «ኤል አለን» ብሎ የሚዘጋ ግን መልሱን ሰጥቷችኋል። በገጠር ሁለት ፓምፕ ብቻ ያለው ቤት አይናቅ፤ በመጀመሪያ የሠራነውን ሒሳብ አስታውሱት።

ስትደርሱ አስተናጋጅ ወንበር ድረስ አይመጣም፤ ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ ታዝዛላችሁ፣ በተራም ትገባበዛላችሁ። በየፓምፑ ላይ የቢራው ስም ያለበት ሰሌዳ አለ፤ ወደ ኋላ ከዞረ አልቋል ወይም ገና አልደረሰም። መጀመሪያ ግማሽ ፓይንት እዘዙ፤ ቅምሻም ቢጠይቁ ነውር አይደለም። ሰሜን ላይ አረፋው ወፍራም ሆኖ ይመጣል፣ ደቡብ ላይ ሳሳ ያለ ነው፤ ሁለቱም ልማድ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። አሲድ አሲድ ካለ ግን፣ የከረመ ጠላ አፍንጫ ላይ እንደሚመጣው ማለት ነው፣ ሳትጠጡት መልሱት። በጨዋ ቃል «ይሄ የበርሜሉ መጨረሻ ይመስላል» በሉ፤ ደህና ቤት ከሆነ ሳይከራከር ይለውጣል። ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ግን አያምርም።

ታዲያ ለማን የቱ?

ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ባቡሩ ይሻላል፤ ብዙዎቹ የባቡር ድርጅቶች ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ ለቡድን አንድ ሦስተኛ ይቀንሳሉ። ዕድር ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ፓምፕ ያለው ቤት ገብቶ በርሜሉን ቢጨርስ መንደርተኛው ምን እንደሚል አስቡት፤ ስለዚህ ለቡድን ስቴሊብሪጅና ማርስደን፣ በጊዜ።

ሁለት ሆናችሁ ለማውራት ከሆነ ጎሪንግ ወርዳችሁ ኦልድዎርዝ ውጡ። እንግዳ ካለ ኢስት ዲን። ጥሩ ጫማና አንድ አዳር ካላችሁ ላንግዴል፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ግን ለግማሽ ቀን የሚሆን አይደለም። የማይጠጣ ጓደኛ አብሮ ቢመጣ በሁሉም ቦታ ሻይም ለስላሳም ያገኛል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በታኅሣሥ ከሆነ ደግሞ 16:00 ላይ ይጨልማል። የእግሩን መንገድ ከምሳ በፊት ጨርሱ፣ የግንባር መብራት ያዙ፣ የገጠሩ መንገድ የእግረኛ ዳርቻ ስለሌለው ሲመለሱ ከጣቢያው ያልራቀውን ቤት ምረጡ። አውቶቡስ ስትጠብቁ ሾፌሩ እንዲያያችሁ የስልካችሁን መብራት አብሩ፤ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ጨለማ ውስጥ የቆመን መንገደኛ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ ቀጣዩ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሊሆን ይችላል።